የሕግ ምክር፦ «ፋይሉ ጠፍቷል፤ 15 ሺህ ካለ ግን ይገኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። አባቴ ሲያርፉ ወራሽነቴን በፍርድ ቤት አረጋግጬ የቤቱን ካርታ በስሜ ለማዞር አመለከትኩ። መጀመሪያ «ሲስተም የለም» ተባልኩ፣ ቀጥሎ «ፋይሉ ጠፍቷል»። በር ላይ የሚቆም አንድ ጉዳይ ገዳይ «15 ሺህ ካለ ዛሬውኑ ይገኛል» ብሎ 3 ሺህ ቀብድ በቴሌብር ተቀበለኝ። አሁን ፀፀተኝ። ብጠቁም እኔም እታሰራለሁ? ደግሞስ ይሄ ነገር ውጭ አገር የለም ይባላል፤ እነሱ እንዴት ተገላገሉት?

መልስ፦ ከሚያስጨንቅዎ ልጀምር። ጉቦ መስጠትም ወንጀል ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም፣ መሃል ገብቶ የሚያቀባብለውንም ይጠይቃል። ስለዚህ ያ ሰውዬ «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም» ብሎ አያመልጥም። እርስዎም «የጠየቅሁት መብቴን ነው» ቢሉ ያሳዝናል እንጂ ገንዘቡን ሕጋዊ አያደርገውም። የሚገርመው፣ አሜሪካኖች በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ኩባንያዎቻቸው ለውጭ አገር ባለሥልጣን ጉቦ እንዳይሰጡ ሲከለክሉ፣ የተለመደ አገልግሎት ለማፋጠን የምትሰጠዋን አልፈዋታል። እንግሊዞች በ2010 እ.ኤ.አ. ሕጋቸው እሷንም አልማሯትም። የእኛም አዋጅ «ማፋጠኛ» የሚባል የተፈቀደ ክፍያ አያውቅም።

ግን መውጫ አለ። በተሻሻለው የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ አዋጅ ቁጥር 434/1997 መሠረት፣ ጉቦ በመስጠት የተሳተፈ ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት ስለ ድርጊቱና ስለ ተሳታፊዎቹ በቂ መረጃ ከሰጠ ከክስ ነፃ ሊደረግ ይችላል። ዋናው መቅደም ነው። ሰውዬው በሌላ ሰው ጥቆማ ተይዞ የእርስዎ 3 ሺህ ስልኩ ላይ ከተገኘ፣ ያኔ የሚናገሩት ጥቆማ ሳይሆን መከላከያ ይመስላል። ወደ አዲስ አበባ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ወደ ፖሊስ ይሂዱ። ቃል ከመስጠትዎ በፊት ግን ጠበቃ ያማክሩ።

ቀሪውን 12 ሺህ አይስጡ። «ልቅረጸውና ላሲዘው» ብለውም አይነሱ፤ እጅ ከፍንጅ መያዝ የመርማሪ ሥራ ነው። የተባሉትን ከነቀኑና ከነቦታው ይጻፉ፣ የቴሌብሩን መልእክት አያጥፉ። ስለ ጥበቃ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ስለሆነ የእርስዎን ጉዳይ ላይሸፍን ይችላል። ጠቋሚን መበቀል ግን በወንጀል ሕጉ ራሱ ያስቀጣል።

አሁን ወደ ፋይሉ። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፉ፣ አጭር ይሁን፦ መቼ አመለከትኩ፣ ምን ተባልኩ፣ ፋይሉ ጠፍቶ ከሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። መዝገብ ቤት ያስገቡና ሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። ግልባጩን ለቅሬታ ሰሚው ያድርጉ። «አንቀበልም» ካሉ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩት። «ጠፍቷል» ብሎ በአፉ የሚናገር ሞልቷል፣ ፈርሞ የሚሰጥ ግን እስካሁን አላየሁም። አንዳንዴ ማኅተም ያለበት ወረቀት በገባ ማግስት ፋይሉ «አይ፣ እዚሁ ነበር» ይባላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል፣ የአዲስ አበባ ቢሮዎችንም ይመለከታል። ቅሬታ ሰሚውም ዝም ካለ ቀጥሎ እንባ ጠባቂ አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ።

«ውጭ አገር የለም» የሚለውን ይተዉት። ጀርመን እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ ኩባንያዎቿ ውጭ የሰጡትን ጉቦ እንደ ወጪ ከግብር እንዲያስቀንሱ ትፈቅድ ነበር። የጀርመኑ ኩባንያ ሲመንስ በ2008 እ.ኤ.አ. በተቋጨ የጉቦ ጉዳይ ለአሜሪካና ለጀርመን የከፈለው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥም በአንድ ወቅት የአምቡላንስ ሠራተኞች በሽተኛ ሳያነሱ ገንዘብ ይጠይቁ ነበር፤ ሆስፒታል ተኝቶ ውሃ ለማግኘትም እጅ መንሻ ያስፈልግ ነበር። ፒተር ጎድበር የሚባል ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን እየተመረመረ ሳለ በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ ኮበለለ፣ ሕዝቡም አደባባይ ወጣ። በ1974 ከፖሊስ ውጭ የሆነ፣ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለገዥው የሆነ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጎድበርንም መልሰው አምጥተው አሰሩት። ጆርጂያ ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የትራፊክ ፖሊሷን እንዳለ በትና፣ የተሻለ ደመወዝ እየከፈለች አዲስ ቀጠረች።

በእኔ እይታ ሥራውን የሠራው ስብከት አይደለም። መርማሪውን ከተመርማሪው መለየት፣ ባለጉዳዩንም ፋይሉን በመሳቢያው ከሚቆልፈው ሰው ጋር ብቻ ለብቻ አለማገናኘት ነው። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ መሳቢያዎቹ ሁሉ እስኪከፈቱ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

3 ሺህ ብርዎን በተመለከተ፣ ይመለስልኛል ብለው አይጠብቁ። ለወንጀል ማስፈጸሚያ የተሰጠ ገንዘብ ቢያዝም ለመንግሥት ነው የሚወረሰው።