እህቱ ቦርደርላይን ለተባለችበት ወንድማችን፦ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ይህን አንብብ

«እህቴ ቦርደርላይን ናት ተባልን፤ አንድ ቀን ካንተ በላይ ሰው የለኝም ትለኛለች፣ በማግስቱ ጠላቴ ነህ ትላለች፤ ጠበል ይሻላል ወይስ ሐኪም?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። ቦርደርላይን ማለት ስሜትን መቆጣጠርና ከሰው ጋር ተረጋግቶ መኖር የሚከብድበት የአእምሮ ጤና ችግር ነው። እኛም እዚሁ ሜሪላንድ ከታናሽ እህቴ ጋር አልፈንበታል። ጽሑፍህን ሳነብ የኛን ቤት ያየሁ መሰለኝ።

ጠበሉን ተው አልልህም። እናታችን ይዛት ሄዳ ሰላም አግኝታበታለች። «ሕክምናውን አቁሚ» የሚላት ዘመድ ከመጣ ግን ፊት ለፊት ተቃወመው። ቅብጠት ነው፣ አሜሪካ አበላሻት የሚለውንም አትስማ።

1. ምርመራውን አጣሩ። የኔን እህት መጀመሪያ ባይፖላር (ስሜት እጅግ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሌላ ሕመም) ብለዋት ነበር፤ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ነው የጻፈላት። የባይፖላር ስሜት ለቀናትና ለሳምንታት ይቆያል። የቦርደርላይን ግን በሰዓታት ውስጥ ይገለባበጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳውም ከሰው ጋር በሚፈጠር ነገር ነው። ጠዋት «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ» ብላ ትጽፍልኛለች፤ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኳን ሳላነሳ ስቀር ከሰዓት «ከሕይወቴ ውጪልኝ»፤ ማታ ደግሞ «እትዬ እራት በላሽ?»። ለቦርደርላይን ለራሱ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። የሚሰጡት አብሮ ላለ ድብርት ወይም ጭንቀት ነው። እየወሰደች ያለችው ካለ ግን ያለ ሐኪም እንዳታቋርጥ።

2. ዋናው ሕክምና ዲቢቲ የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው። የጀመረችው የሲያትሏ ፕሮፌሰር ማርሻ ሊነሃን ናት። እሷ ራሷ በ17 ዓመቷ ሆስፒታል ገብታ ብዙ ተሰቃይታ እንደነበር በ2011 በአደባባይ ተናግራለች። እህቴ ይህን ስትሰማ «እሷ ከወጣችበት እኔም እወጣለሁ» አለች።

የተቃጠልነው ግን እዚህ ላይ ነው። አንድ ክሊኒክ ዲቢቲ እንሰጣለን ብሎ ከኪሳችን አስከፈለን። ቴራፒስቷ በየሳምንቱ «ሳምንትሽ እንዴት ነበር?» ብላ ታዳምጣታለች፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ትሸኛታለች። የቡድን ትምህርቱስ ብዬ ስደውል፣ እንግዳ ተቀባይዋ «ታካሚያችን እህትሽ እንጂ አንቺ አይደለሽም» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ያን ገንዘብ ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ ነበር የማመጣው፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት አራት ነገር ጠይቅ። በየሳምንቱ ለብቻዋ የምትታይበት ሰዓት አለ? በየሳምንቱ ክህሎት የሚያስተምር የቡድን ክፍል አለ? ስሜቷ ሲያይል በመሃል ለቴራፒስቷ መደወል ትችላለች? ቴራፒስቶቹ እርስ በርስ የሚመካከሩበት ቡድን አላቸው? አንዱ ከጎደለ ሙሉው ዲቢቲ አይደለም። አሁን ያለችበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ስሜቷን በየቀኑ የምትመዘግብበት ወረቀት የሰጧት። ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ንዴት፣ ሐዘን፣ ራሴን የመጉዳት ፍላጎት፣ እያለች ማታ ማታ ከ0 እስከ 5 ቁጥር ትሞላለች። ልቧ ሲፈላ ፊቷን በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ መንከርንም እዚያ ነው የተማረችው።

ሌላም አለ። የሕክምና ምስጢር ሕጉ ሐኪሙ ያለ እሷ ፈቃድ እንዳይነግርህ ይከለክለዋል እንጂ አንተ የምትነግረውን እንዳይሰማ አይከለክለውም። ያየኸውን በአጭሩ ጽፈህ ስጥ፤ ግን አስቀድመህ ንገራት። በኋላ ከሌላ ሰው ከሰማች ከድተኸኛል ትላለች።

3. ለቤተሰብም ትምህርት አለ። ፋሚሊ ኮኔክሽንስ ይባላል፣ ነፃ ነው፣ 12 ሳምንት ይፈጃል። እዚያ የተማርኩት ከክርክሩ በፊት ለስሜቷ መልስ መስጠትን ነው። «ስብሰባ ላይ ነበርኩ» ከማለት በፊት «ትቼሽ የሄድኩ መስሎሽ ደንግጠሻል አይደል?» እላታለሁ። ይህ ማለት ስድብ ተሸከም ማለት አይደለም። «ስትረጋጊ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ» በል፤ ደግሞም ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ደውል። አንዴ ካሳለፍክባት ቃልህን አታምንም።

እሞታለሁ ስትል «ለማስፈራራት ነው» የሚሉህን ፈጽሞ አትስማ። ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ ብለህ በቀጥታ ጠይቃት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። የመድኃኒት ብልቃጦቹን ቆልፍባቸው፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ የሚደወልበት የአሜሪካ ስልክ ቁጥር 988 ሌት ተቀን ይሠራል።

ይድናል ወይ ላልከው፦ ማሳቹሴትስ በሚገኘው ማክሊን ሆስፒታል የተኙ ታካሚዎች ለ10 ዓመት ተከታትለዋቸው 93 በመቶው ቢያንስ ለ2 ዓመት ከምልክቶቹ ርቀው ቆይተዋል። ሥራና ማኅበራዊ ሕይወታቸውም ጭምር የተስተካከለላቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። የኔ እህት ዛሬ ነርሲንግ ትማራለች፤ ደክማ ያገኘችው ነው፣ እኮራባታለሁ።

ኢንሹራንስህ በኔትወርኩ ውስጥ (ውል ከገባቸው ሐኪሞች መካከል) ዲቢቲ የሚሰጥ ከሌለው ዝም ብለህ ከኪስህ አትክፈል። ከኔትወርክ ውጪ ላለ ቴራፒስት በልዩ ስምምነት እንዲከፍል በጽሑፍ ጠይቅ። እምቢ ካሉህም ምክንያቱን በጽሑፍ አስመጣና ይግባኝ በል፤ ለኛ የተፈቀደልን በይግባኝ ነው። ደብዳቤውን ከፈለግክ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፤ ስም ብቻ ቀይረህ ተጠቀምበት።