ከመሸፈኑ በፊት፦ ስለ ትምህርት ቤት ግንባታ የቀረቡ ሦስት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የወረዳችን ነዋሪ ከዓመት ዓመት እየጨመረ በመሆኑ አዲስ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ተወስኗል፤ እኔም በግንባታ ኮሚቴው ውስጥ ተመርጫለሁ። ከፊሎቹ አባላት ዛሬ ላሉት ተማሪዎች የሚበቃ ያህል እንሥራ ሲሉ ሌሎቹ የአሥር ዓመቱን አሁኑኑ እንገንባ ይላሉ። ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ስለ ክፍሎቹ ብዛት ከመከራከራችሁ በፊት ልጆቹን ቁጠሩ። ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ አንደኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ዛሬ ተወልደዋል፤ በልደት ምዝገባና በክትባት መዝገብ ላይ ይገኛሉ። ከዚያም ተማሪዎች ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ ቁጥራቸው እንዴት እንደሚለወጥ ተመልከቱ። ለምሳሌ ባለፈው ዓመት አንደኛ ክፍል 400 ልጆች ኖረው በዚህ ዓመት ሁለተኛ ክፍል 430 ከተገኙ ጥምርታው 1.075 ነው፤ ክፍል የደገሙ ልጆች ያን ያህል ከሌሉ ደግሞ ጭማሪው አዲስ ገብ ቤተሰቦች ያመጡት ነው ማለት ነው። ይህን ለእያንዳንዱ ክፍል በጥቂት ዓመታት አማካይ ብትሠሩት የሚቀጥሉትን ዓመታት በተሻለ እምነት ትገምታላችሁ። ሆኖም ያለፈው ጊዜ መዝገብ ገና ያልተጠናቀቀን የመኖሪያ መንደር አያውቅም። ስለዚህ የቤት ግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍል በየዓመቱ ስንት ቤት እንደሚጠናቀቅ ጠይቁ፤ አንድ ትልቅ የመኖሪያ ግንባታ በአንድ ክረምት ተጠናቆ ለነዋሪዎች ሲተላለፍ በዓመታት የተጠራቀመውን ግምት ሊያፈርሰው ይችላል።

እንዲህ ያለው ግምት ለቅርብ ዓመታት አስተማማኝ ነው፤ ከአምስት ዓመት ሲያልፍ ግን እየደከመ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የእኔ ምክር ሁለቱንም ወገን በከፊል የሚያስማማ ነው፦ ግቢውን በሙሉ ለአሥር ዓመት ንደፉ፣ ሕንጻውን ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት በሚበቃው ልክ ሥሩ። በአንድ ወረቀት ላይ የኋለኞቹ ሕንጻዎች የሚቆሙበት ቦታ፣ የውሃና የመብራት ዋና መስመር፣ የጎርፍ መውረጃው፣ እንዲሁም በሚቀጥለው ዙር ግንባታ ጊዜ የጭነት መኪና ተማሪዎች በሚጫወቱበት ሜዳ ሳያልፍ የሚገባበት በር ይታይ። ዋናውን ቧንቧ ዛሬ ሰፋ አድርጎ መቅበር የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ነገ አስፋልትና አጥር አፍርሶ መቀየር ግን ከባድ ነው። የመጀመሪያው ሕንጻ በግቢው መካከል በመተከሉ ሁለተኛው ሲመጣ ከሜዳው በቀር ቦታ የታጣበት፣ በሜዳው ሥር ደግሞ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ተቀብሮ የተገኘበት ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ወደፊት ፎቅ ይጨመርበታል የምትሉት ሕንጻ ካለ መሠረቱና ኮለኖቹ (ሕንጻውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች) ከመነሻው ለዚያ ጭነት ይሰሉ፤ በኋላ ይታሰብበታል የሚባል ነገር አይደለም።

ስለ መሬቱም አንድ ነገር ልጨምር፦ ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ቦታ ብዙ ጊዜ ሌላው ያልፈለገው ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ውሃ የሚያቁር ወይም በቆሻሻ የተሞላ ሊሆን ይችላል። የአፈር ምርመራው ከንድፉ በፊት ይካሄድ። ጥቁር ኮትቻ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ፎቅ የሌለው ቀላል ሕንጻ ደግሞ እብጠቱን ተጭኖ የሚይዝ ክብደት ስለሌለው ከትልቁ ሕንጻ ይልቅ በቶሎ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል፤ ተቋራጩም በክፍያ ሰነዱ ላይ እንድፈርምለት ይጠይቀኛል። መሐንዲስ ባልሆንም ምን መቆጣጠር እችላለሁ?

መልስ፦ የተሠራውን ሥራ መጠን ለክፍያ ማረጋገጥ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው፤ እርስዎ ባልለኩት ነገር ላይ አይፈርሙ። ይሁንና ከመሐንዲሱ በበለጠ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ፤ በየቀኑ በቦታው ነዎትና።

በግንባታ ላይ ትልቁ አደጋ የሚሸፈነው ሥራ ነው። ቁፋሮው ከመሞላቱ በፊት የደረሰበት ጥልቀት፣ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት የታሰረው ብረት፣ ልስን ከመለሰኑ በፊት በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቧንቧና የመብራት መስመር፣ ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ጣሪያው ከግድግዳው ጋር የታሰረበት መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ ከተሸፈኑ በኋላ ሳይፈርሱ በደንብ አይታዩም። በውሉ ውስጥ ተቆጣጣሪው በጽሑፍ ሳይፈቅድ ምንም ሥራ እንዳይሸፈን፣ ተቋራጩም ቀደም ብሎ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ እንዲጨመር ይወትውቱ፤ ካለም የመሐንዲሱ ሁለት ቀናት ከእነዚህ ጊዜያት ጋር እንዲገጥሙ ያድርጉ። በባዶ ሜዳ ላይ ከሚደረግ ጉብኝት ይልቅ ብረት በታሰረበት ማለዳ የሚደረግ አንድ ጉብኝት ይበልጣል።

ስለ አርማታ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ሠራተኞች ለማፍሰስ እንዲቀላቸው በድብልቁ ላይ የሚጨምሩት ውሃ ጥንካሬውን ይቀንሰዋል፤ ይህ በግልጽ የሚታይ ስለሆነ ለማየትም ሆነ ለማስቆም መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጥንካሬው እንዲለካ በኩብ ቅርጽ ተሞልተው ለሙከራ የሚወሰዱት የአርማታ ናሙናዎች በዚያው ዕለት ከሚፈሰው ድብልቅ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ቀኑና የሥራው ቦታ ይጻፍባቸው። በሰባተኛው ቀን ናሙናው በተለመደው ሲሚንቶ ከ28ኛው ቀን ጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ሊያሳይ ይገባል፤ ከዚህ በጣም ካነሰ ላዩ ላይ ሌላ ፎቅ ከመጫኑ በፊት ምክንያቱ መመርመር አለበት። አርማታው ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይደርቅ በውሃ እንዲቆይም ይከታተሉ። በእሑድና በበዓል ቀን ውሃ የሚያጠጣ ሰው መመደቡን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ በቦታው የሚኖር ሰው ነው። የቀኑን ሥራ፣ የሠራተኛውን ብዛት፣ የገባውን ዕቃና የተነሳውን ፎቶግራፍ በመዝገብ ይያዙ፤ ክርክር በተነሳ ጊዜ የሚረዳዎት ይኸው ነው።

ተቆጣጣሪው ከተቋራጩ ፈጽሞ ነጻ መሆን እንዳለበት ከታሪክ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ማርች 10 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሎንግ ቢች አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ 70 ያህል ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሌሎች 120 ያህሉ ክፉኛ ተጎድተዋል። አደጋው የደረሰው ወደ ማምሻው ላይ፣ ክፍሎቹ ባዶ በነበሩበት ሰዓት ነበር። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ፊልድ አክት የተባለው ሕግ ጸድቆ የትምህርት ቤት ንድፎች በመንግሥት መሐንዲሶች እንዲመረመሩ፣ ግንባታውም ከተቋራጩ ነጻ በሆነ ተቆጣጣሪ ያለማቋረጥ እንዲታይ ደነገገ። ደመወዙን ከተቋራጩ የሚቀበል ተቆጣጣሪ ቢኖርዎት ዛሬውኑ ለበላይዎ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ዘመኑ ሊጀመር ነው፤ ተቋራጩ ያለቁትን ስድስት ክፍሎች ተረክባችሁ ግቡበት፣ ቀሪውን እየሠራሁ እቀጥላለሁ ይላል። እንስማማ?

መልስ፦ ሊቻል ይችላል፤ ግን ለግንባታው የተለየ አጥርና የተለየ በር ሳይኖር አይሁን። መጸዳጃውና ውሃው መሥራት፣ የመብራት መስመሩ መፈተሽ፣ የመውጫ በሮቹም ወደ ውጭ የሚከፈቱና ያልተቆለፉ መሆን አለባቸው። ዕቃ የሚያመጡ መኪናዎች ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት እንዳይንቀሳቀሱ በጽሑፍ ይታገዱ።

የከፊል ርክክቡ ሰነድ የትኞቹ ክፍሎች እንደተረከባችሁ በስም ይዘርዝር፤ ብዙ ጊዜ የእነዚያ ክፍሎች የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ (ተቋራጩ የተገኘውን ጉድለት በራሱ ወጪ የሚጠግንበት ጊዜ) የሚቆጠረው ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። ስንጥቁን፣ የማይዘጋውን መስኮትና የሚያፈሰውን ቧንቧ በዚያው ቀን ከተቋራጩ ጋር አብራችሁ እየዞራችሁ መዝግቡ። ከክፍያው የተያዘው ገንዘብ ጉድለቶቹ እስኪስተካከሉ ድረስ አይለቀቅ፤ የመጨረሻው ርክክብም ጣሪያውና የጎርፍ መውረጃው አንድ የዝናብ ወቅት ሙሉ ሳይፈተኑ አይፈረም።