ጥያቄና መልስ፦ ለባለ ማንሻው ጠመንጃ የሚስማማው ጥይት የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ ከተማ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የብረታ ብረት ሥራ መምህር ነኝ። ቴክሳስ የሚኖረው የእህቴ ልጅ፣ አባላቱ የድሮ ከብት ነጂዎችን ልብስ ለብሰው በጥንት ዓይነት መሣሪያ የብረት ዒላማ የሚመቱበት ማኅበር ውስጥ ገብቷል። አሁን በዊንቸስተር 1873 አምሳል አዲስ የተሠራ፣ ከምላጩ ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍቶ በመመለስ የሚያጎርሱት ጠመንጃ ሊገዛ አስቧል። ሻጩ በ45 ኮልት፣ በ44-40 ወይም በ357 ማግነም የተሠራውን እንዲመርጥ ቢጠይቀው ግራ ገብቶት «ጋሼ፣ እርስዎ ብረት ያውቃሉ» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ከጠመንጃ በቅርብ የማውቀው አያቴ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት የነበረውን ውጅግራ ብቻ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ጠመንጃዎች የወጡ ሁለት ቀለሆችን አንሥቶ የላከልኝን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ። ከሦስቱ ኃይለኛውን ይምረጥ ብለው እሳሳታለሁን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከመልሱ ግማሹ በላኩልን ፎቶግራፍ ላይ ስላለ ከእርሱ ልጀምር። በስተግራ ያለው ቀለህ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ጎኑ ከአፉ ጀምሮ እስከ ቂጡ ድረስ በጥላሸት ተዥጎርጉሯል። በስተቀኝ ያለው ወደ አፉ ሲቃረብ ጠበብ ይላል፤ ከከንፈሩ ጥቂት ጥቁረት በቀር ናሱ እንደ አዲስ ያበራል። የመጀመሪያው የ45 ኮልት፣ ሁለተኛው የ44-40 ቀለህ ነው። የ44-40 ቀለህ በአፉ በኩል ያለው ናስ እጅግ ስስ፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ባሩዱ እንደተቀጣጠለ ወዲያው ተነፍቶ በበርሜሉ ሥር ጥይቱ ከሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጋዙም ወደ ኋላ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ያጣል። የ45 ኮልት ናስ ወፈር ስለሚል፣ በማኅበሩ ውድድር እንደተለመደው ባሩዱ ቀነስ ተደርጎ ሲተኮስ በሚገባ ሳይነፋ ይቀርና ጢሱና ጥላሸቱ በጎኑ አልፎ ወደ ጠመንጃው ሆድ ይገባል። በጥቁር ባሩድ ለሚተኩስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ እርጥበት እየሳበ ብረትን ያዝጋልና፤ አያትዎ ውጅግራውን ከተኮሱ በኋላ በውኃ ያጥቡት ከነበረ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ኃይል ጉዳይ ልምጣ። በዚህ አሳብ አልስማማም፤ ብረት ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ማስረዳቱ አይከብድም። የ1873ቱ ጠመንጃ የሚዘጋው እንደ ሰው ጉልበት በሚታጠፉና በሚዘረጉ ሁለት አንጓዎች ነው። ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም የጥይቱን ግፊት ይሸከማል፤ ሸክሙ ግን በአንጓዎቹና በፒኖቹ ላይ ስለሚያርፍ፣ ብርቱ ጥይት በተደጋገመ ቁጥር ፒኖቹ እየተበሉ መላወስ ይጀምራሉ። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1892ቱ ዊንቸስተር ግን ከኋላ ግራና ቀኝ በሚቆሙ ሁለት መወርወሪያዎች የሚቆለፍ በመሆኑ ከዚህ እጅግ ይጠነክራል። ልጁ የወደደው 1873ቱን ከሆነ፣ የሚመረጠው ጥይት የዚያን ጉልበት አቅም የሚያከብር ሊሆን ይገባል።

ታሪክን ለሚወድ ሰው 44-40 የዚህ ጠመንጃ የትውልድ ጥይት ነው፤ አብረው እ.ኤ.አ. በ1873 ወጡ። 44 የካሊበሩ፣ 40 ደግሞ የጥቁር ባሩዱ መጠን በግሬን ሲሆን፣ ይኸውም 2.6 ግራም ገደማ ነው፤ አረሩ 13 ግራም ይመዝናል። ኮልት ቆየት ብሎ ሽጉጡን በዚሁ ጥይት ስለሠራ፣ አንድ ሰው በአንድ ዝናር ጠመንጃውንም ሽጉጡንም ያጎርስ ነበር። በአንጻሩ 45 ኮልት በ19ኛው መቶ ዘመን የሽጉጥ ጥይት ብቻ ነበር። ዊንቸስተር በዚያ ዘመን በእርሱ የሚሠራ ባለ ማንሻ ጠመንጃ አላወጣም፤ የቀለሁ የቂጥ ከንፈር እጅግ ጠባብ ስለነበር ስቦ ለሚያወጣው ጥፍር በቂ መያዣ አልነበረውም። ዛሬ የሚሠራው ቀለህ ይህ ጉድለት ተስተካክሎለታል፤ ሆኖም ለዚህ ጠመንጃ እኔ አልመርጠውም።

የእህትዎ ልጅ ጀማሪ ነው፤ ቀለህ መልሶ የመሙላት ልምድ እንዳለውም አልገለጹልንም። ስለዚህ የምመክረው በ357 ማግነም የተሠራውን ገዝቶ በ38 ስፔሻል እንዲተኩስበት ነው። ሁለቱ ጥይቶች በውፍረት አንድ ናቸው፤ የ38ቱ ቀለህ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያጥርም አረሩ ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ በጠቅላላ ርዝመት የሚለያዩት በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት ደግሞ የማግነሙን ግማሽ አይሞላም። የማኅበሩ ደንብ ለዋናው ግጥሚያ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃና የእርሳስ አረር ብቻ የሚፈቅድ፣ ፍጥነቱንም በሰከንድ ከ1,400 ጫማ ማለትም ከ427 ሜትር በታች የሚገድብ ስለሆነ 38 ስፔሻል ለሥራው ይበቃል፤ በየሱቁ ይገኛል፤ ዋጋውም ከ44-40 በእጅጉ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቅ፦ አጭር ጠፍጣፋ አረር የተሞላበትን 38 አይግዛ። በ1873ቱ ውስጥ ጥይቱን ከካዝናው ተቀብሎ ወደ ላይ የሚያነሣው ክፍል በልክ የተሠራ ሳጥን ነው። የገባው ጥይት እጅግ ካጠረ የሚከተለው ጥይት ቂጥ ከአረሩ ፊት ሾልኮ ይገባና ሁሉም ነገር ባለበት ይቀረቀራል። ከብዙ 38 በኋላ ማግነም መተኮስ ቢያምረው፣ በአጭሩ ቀለህ አፍ ትክክል የተጋገረውን የጥላሸት ቀለበት አስቀድሞ ያጽዳ።

ወደፊት ቀለህ መሙላት ከተማረና ጥቁር ባሩድ ከወደደ ወደ 44-40 ይሸጋገር፤ እኔ በግሌ በዚህ ጠመንጃ ላይ ከእርሱ የሚበልጥ ጥይት አላውቅም። ስስ የሆነው አፉ የመሙያውን መሣሪያ ጠርዝ ትንሽ ከነካ እንደ ወረቀት ስለሚጨማደድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ አደን አልጠየቁም፤ ልጁ አንድ ቀን አጋዘን ላደን ካለ ግን ያ የ1894ቱ ዊንቸስተር ጠመንጃና እ.ኤ.አ. በ1895 በጭስ አልባ ባሩድ የወጣው የ30-30 ጥይት ጉዳይ ነው። በዚያም ሆነ በዚህ ጠመንጃ፣ ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ተከታትለው ስለሚጋደሙ የአንዱ አረር ጫፍ በፊቱ ባለው ጥይት ቂጥ ላይ፣ እሳት በሚጭረው ክፍል ትክክል ያርፋል። ሹልና ጠንካራ አረር በርግጫው መሐል ካዝናው ውስጥ እንዳለ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ስለዚህ አረሩ አፍንጫው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ይህን ሳይዘነጉ ዛሬውኑ ይንገሩት።

ለአዳማና ለአካባቢዋ አንባቢዎቻችን በአጭሩ፦ በአገራችን ማናቸውንም ጠመንጃ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለግድግዳ ጌጥ የተቀመጠ ውጅግራም ቢሆን ባለቤቱ ስለ ሕጋዊነቱ ፖሊስ ጣቢያ ጠይቆ ቢረዳ መልካም ነው።

ልጁ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በበርሜሉ ላይ የተቀረጸውን የጥይት ዓይነት አጉልቶ ያንሣና ይላክልዎ፤ እርስዎም በጥይቱ ካርቶን ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩት፤ በርሜሉ 357 ማግነም የሚል ከሆነ ግን፣ ከላይ እንዳልሁት 38 ስፔሻል የሚል ካርቶንም ይስማማዋል።