ለልጆቻችን የትኛውን የጽሑፍ ትምህርት እንምረጥ? ጥያቄና መልስ

ሦስት ልጆቼን ቤት ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሦስቱም መጻፍ የለመዱት በየራሳቸው መንገድ ነው። ስለ ጽሑፍ ትምህርት የሚያስጨንቃችሁን አምጡ ብዬ ነበር፤ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ወንድ፣ የ9 ዓመት ሴትና የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ለየዕድሜያቸው የተለያየ ካሪኩለም ልግዛ ወይስ አንድ ይበቃል? ሦስት መጽሐፍ ይዤ ስሯሯጥ ቀኑ እያለቀብኝ ነው።

መልስ፦ ሦስት አትግዢ እህቴ። ሒሳብ ቢሆን ማካፈል ያልቻለ ልጅ ክፍልፋይ አይገባውም፣ ደረጃውን መጠበቅ ግድ ነው። ጽሑፍ ላይ ግን ለሦስቱም አንድ ታሪክ አንብበሽ፣ አብራችሁ አውርታችሁበት፣ ሥራውን ብቻ መለያየት ትችያለሽ። ትንሹ የሰማውን በቃሉ ይንገርሽ፤ ከነገረሽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊለትና ይገልብጠው። መካከለኛዋ አንድ አንቀጽ ትጻፍ። ትልቁ ደግሞ ባለታሪኩ ያደረገው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከነምክንያቱ ይጻፍ። መጽሐፍ መግዛት ካለብሽ ለትልቁ ግዢ። ክርክር ያለው ድርሰት አወቃቀሩን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋል፣ ከባዶ መፍጠሩ ለአንቺም አድካሚ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ሲያወራ አፉ አይዘጋም፣ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ግን አንድ መስመር አይወጣውም። ካሪኩለሙ ነው ወይስ ልጁ?

መልስ፦ ልጁ ምንም አልሆነም ወንድሜ። መጻፍ ሁለት ሥራ ነው። አንዱ ሐሳብን በቃላት ማዋቀር ነው፣ ሌላው ያንን በእጅ ወረቀት ላይ ማስፈር። እኛ አዋቂዎች ሁለተኛውን ሳናስበው ስለምናደርገው እንረሳዋለን። የ7 ዓመት ልጅ ግን ፊደሉ በየት በኩል እንደሚቀጠል ሲያስብ ያሰበው ነገር ይጠፋበታል።

መካከለኛዋ ልጄ በዛ ዕድሜ ስለጠፋችው ድመቷ ሩብ ሰዓት ሙሉ ነግራኛለች። አጥሩን እንዴት እንደዘለለች፣ ጅራቷ ላይ ስለነበረው ጭቃ፣ ማታ በሩ ላይ ስለሰማችው ድምፅ። ጻፊው ስላት እርሳሷን እየነከሰች ብዙ ቆየችና «ድመቷ ጠፋች።» ብላ ደብተሩን ሰጠችኝ። በማግስቱ እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ፣ ቃሏን ሳልለውጥ። ከዛ በጣም የምትወጂውን ዓረፍተ ነገር ምረጪ አልኳት። «ጭቃው ደርቆ ጅራቷ እንደ እንጨት ቆሞ ነበር» የሚለውን መርጣ ቀስ ብላ ገለበጠችው። የራሷ ቃል ወረቀት ላይ ሲሰፍር ማየቷ ነው ለቀጣዩ ያነሳሳት።

ስለዚህ ከ9 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስትመርጥ ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ የሚያለማምድ ፈልግ፤ ለብቻ የቃል ትረካ፣ ለብቻ ግልበጣ፣ ትንሽ ቆይቶ የቃል ጽሕፈት። እንግሊዛዊቷ አስተማሪ ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) ልጆች የተነበበላቸውን በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲተርኩ ታደርግ ነበር፤ ትረካውን በጽሑፍ የሚጀምሩት 10 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በ7 ዓመት በራሱ ድርሰት እንዲጽፍ የሚያስገድድ መጽሐፍ ካጋጠመህ ተወው።

ጥያቄ፦ ድርሰት ከመጀመራችን በፊት የሰዋስው መጽሐፍ እንጨርስ?

መልስ፦ አይ። ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ውጤት፣ ሰዋስውን ለብቻው ማስተማር ጽሑፍን እንዳላሻሻለ አሳይተዋል። የጠቀሙት ዕቅድ አውጥቶ መጻፍና መከለስን ደረጃ በደረጃ ማስተማር፣ ያነበቡትን ማሳጠር፣ ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር የመሳሰሉት ናቸው።

ማጣመርን በጣም እወደዋለሁ፣ ምንም ወጪ የለውም። ለልጅሽ እነዚህን ስጪ፦ «ዝናብ መጣ። ልጁ ሮጠ። ልጁ ጃንጥላ አልያዘም።» ወደ አንድ ያምጣቸው። «ጃንጥላ ያልያዘው ልጅ ዝናብ ሲመጣ ሮጠ» ሊል ይችላል፤ «ልጁ ጃንጥላ ስላልያዘ ዝናብ ሲመጣ ሮጠ» ሊልም ይችላል። ከዛ ልዩነቱ ምንድነው ብለሽ ጠይቂው። ሁለተኛው ለምን እንደሮጠ ይነግረናል። እዚህ ላይ ሰዋስው እየተማረ ነው፣ የሚያየው ግን ትርጉም ሲለወጥ ነው።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ካሪኩለም ይዤ በአማርኛ ማስተማር እችላለሁ? ደግሞ ልጄ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያምታታል።

መልስ፦ ትረካው፣ ማጣመሩ፣ የአንቀጽ አሠራሩ በየትኛውም ቋንቋ ይሠራል። የፊደል አጻጻፍ ክፍሉን ግን ዝለዪው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ድምፁና አጻጻፉ ስለማይገጥም ነው። የእኛ ችግር ሌላ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ሁሉንም በእጅ ማስለመድ ጊዜ ይፈልጋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ደግሞ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፣ የታተመ መጽሐፍም ከመጽሐፍ ይለያያል። ልጅን በዚህ ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም። አንድ ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁሌም በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጻፍ ብቻ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ «ምን ልጻፍ?» ብሎ አንድ ሰዓት ይቀመጣል።

መልስ፦ ርዕሱ ሰፍቶበት ይሆናል። «ስለ ጓደኝነት ጻፍ» ከሚባል «ጓደኛህ የተቆጣበትን ቀን በ8 ዓረፍተ ነገር፣ የተናገረውንም ጨምረህ ጻፍ» ይሻላል። እሱም ካልሆነ አሜሪካዊው ጸሐፊና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በግለ ታሪኩ የተናገረውን ይሞክር። ጥሩ ጽሑፍ ወስዶ የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በአጭሩ ይመዘግብ ነበር፤ ጥቂት ቀናት አሳልፎ መጽሐፉን ሳያይ በራሱ ቃል ይጽፈዋል፣ ከዛ ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስህተቱን ያርማል። ሐሳቡ ስለተሰጠው ልጁ ሙሉ አቅሙን አባባሉ ላይ ያውላል።

ጥያቄ፦ በእጅ ወይስ በኮምፒውተር?

መልስ፦ ትንንሾቹ በእጅ፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል። ከፍ ያለው ረጅም ድርሰቱን ቢተይብ ምንም ችግር የለውም። መሰረዝና ማሻሻል ስለሚቀልለው መከለስ አያስፈራውም።

ጥያቄ፦ ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ ሽፋኑን ሳይሆን መሃል ላይ ያለ አንድ ትምህርት አንብቢ። ልጁ እንዲጽፍ ከመጠየቁ በፊት ያለቀ ምሳሌ ያሳያል? የጻፈውን መልሶ እንዲያሻሽል ጊዜ ይሰጣል? ወይስ በየቀኑ አዲስ ርዕስ ብቻ ነው የሚደረድረው? የመጨረሻው ዓይነት ከሆነ ይቅርብሽ። ልጁ ብቻውን የሚሠራው ነው ወይስ አንቺ አጠገቡ መቀመጥ አለብሽ የሚለውንም እዪ፤ እኔ ይህን ሳላይ የገዛሁት አንድ ጥሩ መጽሐፍ ሦስቱንም ይዤ ጊዜ ስላጣሁ ሳንጨርሰው ቀርቷል። ከጀመራችሁ ደግሞ ቢያንስ 6 ሳምንት ሳትቀይሩ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼን የማስተምር አያት ነኝ። ጸሐፊ አይደለሁም፤ እንዴት ላርም?

መልስ፦ እናቴ፣ ጸሐፊ መሆን አይጠበቅብዎትም፣ ጥሩ አንባቢ መሆን ይበቃል። መጀመሪያ ስለ ሐሳቡ ይናገሩ፤ «ይቺ ቦታ ላይ ፈራሁ»፣ «እዚህ ጋ ማን እንደተናገረ አልገባኝም»። ከዛ ልጁ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፣ ብዙውን ስህተት ጆሮው ይይዘዋል። በቀይ እስክሪብቶ ገጹን አይሙሉት። በአንድ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ያርሙ። በዚህ ሳምንት አራት ነጥብ ከሆነ አራት ነጥብ ብቻ፤ ሌላውን በሌላ ወረቀት ላይ ለራስዎ ይመዝግቡትና ለሚቀጥለው ሳምንት ያቆዩት።