ከወንዝ ወደ አልፎንስ ደሴት

ጥያቄ፦ በኅዳር ሲሸልስ፣ አልፎንስ ደሴት ሄጄ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ላጠምድ ነው። የለመድኩት ቀዝቃዛ ወንዝ ነው። ምን ልያዝ?

መልስ፦ የወንዝ ክርዎን ይተዉት፤ በሐሩር ሙቀት ይለሰልስና ይጣበቃል፣ ሲወረውሩትም አይርቅም። ለሞቃት ባሕር የተሠራ ይግዙ። ቦንፊሽ ለሚባለው ዓሣ 9 ቁጥር፣ ጃይንት ትሬቫሊ ለሚባለው ትልቅ ዓሣ 12 ቁጥር ዘንግ ይያዙ (ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይጠነክራል)። ከዋናዋ ደሴት ከማሄ የሚያደርስዎ አውሮፕላን ትንሽ ነው፤ ሻንጣ ይመዘናል፤ ስለዚህ ዘንጉ በ4 ቁራጭ የሚፈታ ይሁን።

ከዕቃው በላይ ግን የወንዝ ልማድ ዓሣ ያስመልጣል። ቦንፊሽ ሲነክስ ዘንጉን ወደ ላይ ካነሱ ዝንቡ ከአፉ ይወጣል። ዘንጉን ወደ ውኃው ዝቅ አድርገው ክሩን በግራ እጅዎ ረዘም አድርገው ይሳቡ፤ ሲከብድ ብቻ ያንሱ። ከመሄድዎ በፊት ሜዳ ላይ ይለማመዱት፣ እባክዎ። ማታ ማታ የክሩን መጠቅለያ በጨው አልባ ውኃ ይለቅልቁ።