ላቡን ነው ወይስ ጠረኑን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የብብት ሮል ኦን ሠርቼ ለመሸጥ እየተለማመድኩ ነው። ላብም ይቀንስ፣ ጠረንም ያጥፋ ብዬ አልሙኒየም ክሎሮሃይድሬት በውሃ ካሟሟሁ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩበት። አረፋ አወጣና ጓጎለ። በሌላ ቀን ሶዳውን ትቼ በካርቦመር ላወፍረው ሞከርኩ፣ እሱም ጓጎለ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቴ ደፍተሽም ተስፋ አለመቁረጥሽ ደስ ይላል። የእጅሽ ችግር አይደለም። የማይስማሙ ነገሮችን አንድ ዕቃ ውስጥ ስለከተትሽ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ወስኚ። የምትሠሪው ላብ መቀነሻ ነው ወይስ ጠረን ማጥፊያ? ሰው ሁለቱንም ዲዮድራንት ይላቸዋል፣ የሚቀምም ሰው ግን ለይቶ ማወቅ አለበት። ላብ ከሰውነት ሲወጣ ብዙም አይሸትም። የሚሸተው ብብት ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አብሮት የወጣውን ንጥረ ነገር ሰባብረው ወደ አሲዶችና ድኝ ወዳለባቸው ውህዶች ሲቀይሩት ነው። ዲዮድራንት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው፤ ባክቴሪያውን ያዳክማል፣ ጠረኑን ይይዛል፣ ወይ በሽቶ ይሸፍናል። ላብ መቀነሻ ደግሞ ቀድሞ ላቡ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ይሠራል።

እንዴት ካልሽ፣ ላብ የሚቀንሰው የአልሙኒየም ጨው፣ ማለትም ክሎሮሃይድሬት፣ በውሃ ሲሟሟ አሲዳማ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ4 ትንሽ ከፍ ይላል። የላብ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አሲድነቱ ሲቀንስ ወደ ጄል ይቀየርና ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍነዋል። አሁን ዕቃሽ ውስጥ የሆነውን አስቢው። ሶዳው አሲድነቱን ሰበረው፤ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ የጓጎለው ነጭ ነገር ደግሞ ብብት ላይ ሊፈጠር የሚገባው ያው ጄል ነው። መድፈኛሽ ሥራውን ጠርሙስ ውስጥ ጨረሰ ማለት ነው። ብትቀቢውም አይሠራም።

ካርቦመሩም ያው ነው። ካርቦመር ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ አልሙኒየሙ ፖዘቲቭ ነው፤ ሲገናኙ ይያያዙና ይጓጉላሉ። ሳሙና ነክ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ለምሳሌ በሶዲየም ስቲያሬት የሚረጋው ግልጽ ስቲክ፣ ከአልሙኒየም ጋር አይሄድም። አንቺ የሚያስፈልግሽ ቻርጅ የሌለው ማወፈሪያ ነው። ሃይድሮክሲኤቲል ሴሉሎስ ይሆንሻል። መጀመሪያ ውሃው ውስጥ በደንብ ይበጥ፣ ክሎሮሃይድሬቱን ከዚያ በኋላ ጨምሪ። ወተት መሰል ሮል ኦን ከፈለግሽ ደግሞ ስቲያሬዝ-2 እና ስቲያሬዝ-21 (Steareth-2፣ Steareth-21) የሚባሉት ውሃና ዘይትን የሚያዋህዱ ጥንድ ማዋሃጃዎች አሉ፣ ለዚህ ሥራ እኔ እነሱን እመርጣለሁ።

ልኬቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክሎሮሃይድሬት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 50 በመቶ ሆኖ በውሃ የተሟሟው ነው። ለ100 ግራም ምርት 15 በመቶ ከፈለግሽ የምትጨምሪው 30 ግራም ፈሳሽ ነው፣ 15 ግራም ካደረግሽ 7.5 በመቶ ብቻ ታገኛለሽ። የአልሙኒየም ወይም የብረት ዕቃ አትጠቀሚ፣ ጨው ነውና ይበላዋል፤ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ይሻላል። ሽቶው እስከ 1 በመቶ ይበቃል፣ ማሟሚያ ካላገኘ ግን ላይ ይንሳፈፋል። ሲያልቅ ፒኤቹን ለኪ። ከዚያ ጥቂቱን ጠርሙስ 40 ዲግሪ ሙቀት ላይ 3 ወር አቆዪው፣ ጥቂቱን ደጋግመሽ አቀዝቅዢና አሙቂ፣ ጥቂቱን ደግሞ እንዲሁ ተይው። ቀለሙ፣ ሽታው፣ ውፍረቱ፣ ፒኤቹ ተለወጠ? ኳሷስ ትሽከረከራለች ወይስ ተጣበቀች? እባክሽ ይህን ሳትጨርሺ አትሽጪ። በሰው ቆዳ ላይ ነው የሚውለው።

ጠርሙሱ ላይ የምትጽፊውንም አስቢበት። አሜሪካ ውስጥ ዲዮድራንት መዋቢያ ነው፣ ላብ መቀነሻ ግን የሰውነትን ሥራ ስለሚነካ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ክሎሮሃይድሬት ከ25 በመቶ አያልፍም፣ ምርቱም ቢያንስ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ላይ ላቡን 20 በመቶ መቀነስ አለበት። 20 በመቶ ብቻ! ስለዚህ «ላብ ያቆማል» ብለሽ አትጻፊ፣ እውነት አይደለም። ሌላም አገር አሠራሩ ስለሚለያይ የምትሸጪበትን አገር ሕግ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ከኮኮናት ዘይት፣ ከንብ ሰምና ከቤኪንግ ሶዳ ስቲክ ሠርቼ ለራሴ እጠቀማለሁ። ጠረኑን ያጠፋል፣ ግን ብብቴ ቀልቶ ያቃጥለኛል። ሲሞቅ ደግሞ ይቀልጣል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መቀባቱን አቁም። ቆዳህ ካልዳነ የቆዳ ሐኪም ይየው። የሶዳ ፒኤች ከ8 በላይ ነው፣ ቆዳ ደግሞ ትንሽ አሲዳማ ነው፤ በየቀኑ ሲታሽበት የቆዳውን መከላከያ ይጎዳል። በሶዳው ፈንታ ዚንክ ሪሲኖሌት ሞክር፣ እሱ ባክቴሪያ ከመግደል ይልቅ የጠረኑን ሞለኪውሎች ይይዛል። ትራይኤቲል ሲትሬትም ጥሩ ነው።

የመቅለጡ ነገር ቀላል ነው። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ እሱን ቀንሰህ ሰሙን ጨምር። ዱቄት ያለበትን ስቲክ ደግሞ እንደ ጋለ ወደ ማርጊያ ዕቃው አትገልብጠው፣ ዱቄቱ ይዘቅጥና ታቹ ሻካራ፣ ላዩ ባዶ ይሆናል። እያማሰልክ ወፈር እስኪል ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ኩላሊቴንም ያመኛል። አልሙኒየም ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰምቼ ወደ አሉም ድንጋይ ዞርኩ። ደህና አደረግሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዜር ይማርዎት። ካንሰሩን በተመለከተ፣ እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ላብ መቀነሻ ካንሰር እንደሚያመጣ አላረጋገጡም። የአውሮፓ ኅብረት የሳይንስ ኮሚቴም በ2020 መርምሮ ስፕሬይ ባልሆኑ ምርቶች አልሙኒየም እስከ 6.25 በመቶ፣ በስፕሬይ እስከ 10.6 በመቶ ቢሆን ችግር የለውም ብሏል።

የእርስዎ ኩላሊት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አልሙኒየምን ከሰውነት የሚያወጣው ኩላሊት ስለሆነ፣ በአሜሪካ የላብ መቀነሻዎች ላይ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን እንዲጠይቅ ተጽፎ ነው የሚሸጠው። አሉሙም ከዚህ አያድንዎትም። ፖታሲየም አልሙኒየም ሰልፌት ማለት ነው፣ «ከአልሙኒየም ነፃ» ቢባልም ስሙ ራሱ ይናገራል። ለጊዜው ያስቀምጡትና በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ለሐኪምዎ ያሳዩት፤ እስከዚያው ብብትዎን በውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁት።