ባጃችሁን ፈልጎ የሚመጣ ሰው

ሰላም ልጆች። በሆላንዱ ሮተርዳምና በቤልጂየሙ አንትወርፕ ወደብ አካባቢ ሥራ የያዛችሁ የሐበሻ ልጆች እየበዛችሁ ነው። አንዱ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። አንዷ ትራንዚት ቢሮ ተቀምጣ ዶክመንት ትሞላለች። ሌላው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ኮንቴነር ይጎትታል። ደስ ይለኛል። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ እዚህ ሆላንድ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አለቃም የለብኝ። ስለዚህ በግልጽ ልጻፍላችሁ።

የምጽፈው ስለ ኮኬይን ነው። «የማፊያ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

በ2023 አንትወርፕ ላይ ጉምሩክ የያዘው ኮኬይን 116 ቶን ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 110 ቶን። ይሄ እንግዲህ የተያዘው ብቻ ነው። በ2024 ቁጥሩ ወደ 44 ቶን ሲወርድ ባለሥልጣናቱ ትንሽ ተነፈሱ። ዕቃው ከከተማው ጠፋ የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

አካሄዱን ብታውቁት ይጠቅማችኋል። ኢኳዶር በዓለም አንደኛ ሙዝ ላኪ አገር ናት። የኮካ ተክል በብዛት የሚበቅለው እሷ ዘንድ ሳይሆን በሁለቱ ጎረቤቶቿ፣ በኮሎምቢያና በፔሩ ነው። ጓያኪል የሚባለው ትልቁ ወደቧ ግን መሐል ላይ ተቀምጧል። ሙዝ ደግሞ አይጠብቅም፤ ከቆየ ይበላሻል። ጉምሩክ የሙዝ ኮንቴነር ይዞ ለቀናት ማቆየት ይከብደዋል። ስለዚህ ነጋዴዎቹ የኮንቴነሩን ማኅተም ሰብረው ኮኬይን የሞላ ሻንጣ ይወረውሩበታል፣ ከዚያ ተመሳሳይ ማኅተም ሠርተው መልሰው ያሽጉታል። ላኪውም ተቀባዩም ምንም ላያውቁ ይችላሉ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ሲደርስ ነው። ሻንጣው ባለ ሙዙ እጅ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ማውጣት አለበት። እናንተን የሚፈልጓችሁ እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ አጥር መዝለል ነው። እዚህ «አውጪዎች» የሚባሉ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ናቸው። ሌሊት ተርሚናል ገብተው ኮንቴነር ይከፍታሉ። አንዳንዴ ባዶ ኮንቴነር ውስጥ ምግብና ብርድ ልብስ ይዘው ለቀናት ይደበቃሉ። በመስከረም 2021 ሮተርዳም ላይ ዘጠኝ ሰዎች ኮንቴነር ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ አየር ሲያጥራቸው ራሳቸው ለፖሊስ ደውለው ነው የዳኑት። ቀድሞ ወደብ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተገኘ ሰው ትንሽ ገንዘብ ተቀጥቶ ይወጣ ነበር። ከጥር 2022 ጀምሮ እስራት ነው፤ እስከ አንድ ዓመት፣ ጉዳዩ ከከበደም እስከ ሁለት።

ሁለተኛው መንገድ ጸጥ ያለ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። በቆየው አሠራር ኮንቴነር ወደብ ሲደርስ የመርከብ ድርጅቱ ለተቀባዩ አንድ ኮድ ይሰጣል። ሾፌሩ ተርሚናል ሄዶ ኮዱን ያስገባል፣ ኮንቴነሩን ጭኖ ይወጣል። ኮዱ በእጁ ያለ ሰው ኮንቴነሩ በእጁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት የሆነው ዩሮፖል በ2023 ባወጣው ሪፖርት እነዚህ ኮዶች እንዴት እንደሚሰረቁ በዝርዝር አስቀምጧል። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቢሮ ውስጥ ነው፤ አንድ ሠራተኛ የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ይልካል። አለቀ። ሽጉጥ የለ፣ ሌሊት የለ፣ አጥር የለ። ትክክለኛው ሾፌር ሲመጣ «ኮንቴነርህ ወጥቷል» ይባላል።

አያችሁ፣ ጉልበታችሁን አይፈልጉም። ወንበራችሁን፣ ባጃችሁን፣ የይለፍ ቃላችሁን ነው የሚፈልጉት።

አቀራረባቸውም የፊልም አይደለም። ጂም ውስጥ ሰላም ይላችኋል። ኢንስታግራም ላይ ይጽፍላችኋል። «እዚያ ነው አይደል የምትሠራው? አንድ ቁጥር ብቻ ብታይልኝ» ይላል። የሚሰጠው ገንዘብ ከዓመት ደመወዛችሁ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን መጠየቅ ይቀራል፤ ያዝዛችኋል። እንቢ ስትሉ የቤታችሁን በር ወይም የልጃችሁን ትምህርት ቤት ፎቶ ይልካል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄው ነው።

አሁን ስለ እኛ ስለ ሐበሾች ልናገር፤ ይህን የሆላንድ ፖሊስ የሚበትነው ብሮሹር ላይ አታገኙትም። እኛን የሚያጠቃን ይሉኝታ ነው። ፈረንጅ ባልደረባችሁ «አይሆንም» ብሎ ዞር ይላል፣ ነገ ያው ሰላምታ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጥያቄው የሚመጣው በዕቁብ ጓደኛ፣ በክርስትና ልጅ፣ «የእናትህ አገር ሰው ነኝ» በሚል ታላቅ ነው። ቤቱ ጠርቶ ዶሮ ያበላችኋል፣ ቡና ያስፈላላችኋል። ስደተኛ ካምፕ ሳላችሁ ጃኬት የሰጣችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው እንቢ ማለት እንደ ነውር ይታየናል። እንግዲህ ልጆች፣ ባጅ ላይ ይሉኝታ የለም። ለአጎትም፣ ለቄስም፣ ለሚያገባችሁም። ሰውዬው ንጹሕ ከሆነ ባጃችሁ ምን ያደርግለታል?

ደግሞ እናንተ የምታጡት ከፈረንጁ ልጅ ይበልጣል። የተፈረደበት ሰው የመልካም ጠባይ ማስረጃ ሊከለከል ይችላል፤ ያለዚያ ወረቀት ብዙ ሥራ ዝግ ነው። ዜግነት ያልያዘ ደግሞ እንደ ቅጣቱ ክብደት የመኖሪያ ፈቃዱ ሊነጠቅ ይችላል። ሳህራን አቋርጦ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ የመጣ ልጅ በአንድ ፎቶ ይህን ሲያጣ ማየት ያንገበግባል።

«አንድ ቁጥር ማየት» የት ድረስ እንደሚሄድም ልንገራችሁ። በ2022 የቤልጂየም የፍትሕ ሚኒስትር ሊጠለፍ ነው ተብሎ ከነቤተሰቡ ጥብቅ ጥበቃ ውስጥ ገባ። በጥር 2023 አንትወርፕ ውስጥ በአንድ ቤት ላይ በተተኮሰ ጥይት የ11 ዓመት ልጅ ሞተች። በዚያው ዓመት አገሪቱ የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ብቻ የሚከታተል ብሔራዊ ኮሚሽነር ሾመች። በ2025 ደግሞ አንድ የአንትወርፕ መርማሪ ዳኛ ስማቸውን ሳይገልጹ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ አገራችን በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች እጅ ወደምትወድቅ አገርነት እየሄደች ነው አሉ። ዳኛ ስሙን ደብቆ ሲጽፍ አስቡት። ቤልጂየም እኮ ናት፣ የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ!

ሆላንድም አልዳነችም። አንድ ትልቅ የኮኬይን ቡድን ላይ የመሰከረው ሰው ጠበቃ በ2019 አምስተርዳም ላይ ተገደለ። ያንኑ ምስክር ያማክር የነበረው ታዋቂው ጋዜጠኛ ፔተር ኤር ደ ፍሪስ በ2021 መሐል ከተማ ተተኮሰበትና ሞተ። የዚያ የኮኬይን ቡድን ጉዳይ ዋና ተከሳሽ በ2024 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። አልጋ ወራሿ ልዕልት እንኳ በ2022 ለደኅንነቷ ተብሎ ተማሪ ሆና የምትኖርበትን ቤት ለቃ ወደ ወላጆቿ ተመልሳለች።

ሙዙ የሚነሳበት አገር፣ ኢኳዶር፣ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በነሐሴ 2023 ፈርናንዶ ቪያቪሴንስዮ የተባለ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ በዋና ከተማዋ ኪቶ ላይ ከምርጫ ቅስቀሳ ሲወጣ ተገደለ። በጥር 2024 የአንድ የወንጀለኞች ቡድን መሪ ከጓያኪል እስር ቤት ጠፋ። በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ብዙም ሳይቆይ ታጣቂዎች በቀጥታ ስርጭት ላይ ያለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወረሩ። ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኖቦዋ አገራቸው «የውስጥ የትጥቅ ግጭት» ውስጥ ናት ብለው ሠራዊት አሰማሩ። እሳቸው ራሳቸው የሙዝ ቱጃር ልጅ ናቸው፤ አንዳንዴ ታሪክ ቀልደኛ ነው።

ስለ ፖለቲከኞቹ የማስበውን አልደብቅም። ካሜራና ስካነር ይጨምራሉ፣ ሕግ ያጠብቃሉ፤ ጥሩ ነው። ግን አምስተርዳም ውስጥ ዓርብ ማታ ኮኬይን የሚያዝዘውን ባለ ደመወዝ ሰው ደፍሮ የሚቆጣ ጥቂት ነው። ዕዳውን የሚከፍሉት የጓያኪል ድሃ ሰፈርና የሮተርዳም ደቡብ ልጆች ናቸው። ከዚያም «ስደተኛ ነው የሚያስገባው» የሚል ፓርቲ ድምፅ ይሰበስብበታል። የእኛ ልጅ ከተያዘ ወሬው ስሙን ሳይሆን የመጣበትን አገር ነው የሚጠራው።

ታዲያ ምን እናድርግ ካላችሁ፤ የሥራ ቦታችሁን፣ ባጃችሁን፣ የደንብ ልብሳችሁን ኢንስታግራም ላይ አትለጥፉ። ማን የት እንደሚሠራ የሚያጠኑት ከዚያ ነው። አንድ ሰው ስለ ኮንቴነር ከጠየቃችሁ ያን ዕለቱን ለኃላፊያችሁ ንገሩ፣ በኢሜይልም ጻፉት። ኃላፊያችሁን ካላመናችሁ በሆላንድ ስም ሳትናገሩ የምትጠቁሙበት ስልክ አለ፤ 0800-7000። አንዴ «እሺ» ብላችሁ ከሆነም ሁለተኛው መልእክት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። አገር ቤት ሆናችሁ ጅቡቲ ወይም ሞጆ ላይ ትራንዚት የምትሠሩ ልጆችም ይህን አንብቡ። ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ከሳኦ ፓውሎ የሚመጡ ኮኬይን ተሸካሚዎች ስንቴ ተይዘዋል። መንገዱ በእኛም በር ያልፋል።

ለሾፌሮች አንድ ነገር ልጨምር። ተርሚናል ደርሳችሁ ኮዱ ካልሠራ ወይም «ኮንቴነርህ ወጥቷል» ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ሰዓቱ ያለበት ወረቀት ከካውንተሩ ተቀበሉ፣ እዚያው ቆማችሁ ለላካችሁ ድርጅት ደውሉ፣ ስልክ የደወላችሁበትንም ሰዓት መዝግቡ። ፖሊስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኮዱን ማን ማን ያውቅ እንደነበር ነው፤ የእናንተም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ።